ተማሪዎቻችን «ስንት ሰው ታመመ?» ከሚለው ጥያቄ እንዲያልፉ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ የባዮሜዲካል ሳይንስ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎችን የማማክር መምህር ነኝ። ጉዳዬ አንድ ነው። ተማሪዎቻችን በሽታ በሰው ህዋስ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ እዚሁ አገራቸው ላይ የሚመራመሩበት መንገድ ይከፈትላቸው።

አሁን ያለው ነገር እንዲህ ነው። ተማሪው ኮርሱን ጨርሶ ርዕስ ሊመርጥ ይመጣል። የቲቢ ባክቴሪያ ሊውጠው በመጣው ህዋስ ውስጥ እንዴት ተደብቆ እንደሚኖር ያነበበውን በጉጉት ያወራል። ቀጥሎ የሪኤጀንት፣ ማለትም ለላቦራቶሪ ሥራ የሚያስፈልገው ኬሚካል፣ ወሬ ይነሳል። ከየት ይገዛል? በማን ዶላር? መቼ ይደርሳል? ትንሽ ቆይቶ የሚያመጣልኝ ፕሮፖዛል የአንድ በሽታ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች በአንድ ሆስፒታል የሚል ነው። መጠይቅ፣ ማይክሮስኮፕ፣ የስታቲስቲክስ ስሌት። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በሰዓቱ መመረቅ ስላለበት ነው።

የስርጭት ጥናት ክቡር ሥራ ነው፤ ያለ እሱ የጤና ፖሊሲ አይወጣም። ግን በሽታው ስንት ሰው እንደያዘ ካወቅን በኋላ ለምን ያዘ፣ ለምንስ አንዱን ይዞ ሌላውን ተወ የሚለውንም መጠየቅ አለብን። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶቻችን እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ።

ፖዶኮኒዮሲስን ይመልከቱ። ብዙ ሰው ዝሆኔ እያለ የሚጠራው፣ እግር የሚያሳብጠው በሽታ ነው። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘ ይገመታል። ትንኝ አያስተላልፈውም፣ ትልም የለበትም። የሚይዛቸው በደጋና ወይና ደጋ ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ሲያርሱ የኖሩ ገበሬዎችን ነው። ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፣ ከሰውነት ክፍሎች ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፣ ቧንቧዎቹ እየጠበቡ ይዘጋሉ፣ እግር ያብጣል። ታዲያ በአንድ ማሳ ላይ ካደጉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ ሆኖ የሚያረጀው ለምንድን ነው? ጎረቤት መልሱን ቀድሞ ሰጥቷል፤ «በዘራቸው ነው» ይላል። በዚህ የተነሳ የታማሚ ልጅ ትዳር ያጣል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በወላይታ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት በታወቀ የዓለም የሕክምና መጽሔት ወጣ። መሪ ጸሐፊው ኢትዮጵያዊ ነበር። ጥናቱ ተጋላጭነቱ ኤችኤልኤ ክላስ ቱ ከሚባል የጂን አካባቢ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። እነዚህ ጂኖች የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች ባዕድ ነገርን ቲ ህዋሳት ለሚባሉት የበሽታ መከላከያ ነጭ የደም ህዋሳት የሚያሳዩ ናቸው። ግኝቱ ለታማሚው ቤተሰብ ትልቅ ትርጉም አለው። ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ልጅም ከሕፃንነቱ ጫማ ቢያደርግ፣ እግሩን በሳሙና ቢታጠብ ከበሽታው ሊጠበቅ ይችላል። ዘር ብቻውን አይፈርድበትም።

ቀጣዩ ጥያቄ የትኞቹ ቲ ህዋሳት፣ በምን ተነሳስተው ነው ይህን ቁጣ የሚያስነሱት የሚል ነው። እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚከብደን። ዲኤንኤ ተጠቅልሎ በፖስታ ውጭ አገር ይሄዳል። ሕያው ህዋስ ግን ደም ከተቀዳ በሰዓታት ውስጥ ተለይቶ ወይ ወዲያው መጠናት፣ ወይ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ ጥናቱ በሽተኛው ባለበት አገር፣ በሽተኛው አጠገብ ቢሠራ ይሻላል። ናሙና ሰብሳቢ ብቻ ሆነን ከቀረን ይህ ጥያቄ የእኛ ሆኖ መልሱ የሌላ ይሆናል።

ይህ እዚህ አገር የማይሞከር ነገር አይደለም። አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ታማሚዎቹ እዚያ ስለነበሩ ነው። የበሽታ መከላከያ ህዋሳት ጥናት አዲስ አበባ ላይ ከ50 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ጥቅሙም ለወረቀት ብቻ አይደለም። የወባ ፈጣን መመርመሪያ በብዛት የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የሚባለውን የተውሳኩን ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን የጣለ ተውሳክ ግን ከመመርመሪያ ኪቱ ያመልጣል። ታማሚው «ነጌቲቭ ነህ» ተብሎ ትኩሳቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚያዋስኑን አካባቢዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት፣ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከያዛቸው ታማሚዎች 10 በመቶ የሚጠጉት በዚህ ምክንያት ሊታለፉ እንደሚችሉ አሳይቷል። የትኛው ኪት ይገዛ የሚለውን የመንግሥት ውሳኔ የሚመራው እንዲህ ያለ የሞለኪውል ሥራ ነው።

ታዲያ ምን ያዘን? ከሁሉ በፊት ግዥው። ዲኤንኤን አባዝቶ ለሚመረምረው ፒሲአር የሚያስፈልግ ኢንዛይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። ይህ ዕቃ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ በዓመታዊ ጨረታ ይገዛል። ፈቃዱ አንድ ቢሮ፣ የውጭ ምንዛሬው ሌላ ቢሮ፣ የጉምሩክ መልቀቂያው ሌላ ቢሮ ነው። ደብዳቤው በቢሮዎቹ መሃል ሲመላለስ በረዶው ይቀልጣል። ማንም ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሁሉም የራሱን መመሪያ ይከተላል። የተበላሸው ኢንዛይም ግን የአንዲት ተማሪ ዓመት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲቀየር ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በብር የተያዘው የምርምር በጀት ግን ባለበት ቀረ።

ክቡር ሚኒስትር፣ ልመናዬ ከባድ አይመስለኝም። ለምርምር የሚገቡ ሪኤጀንቶች አስቀድሞ የጸደቀ ዝርዝር ይኑራቸው፤ ፈቃዱም፣ ምንዛሬውም፣ መልቀቂያውም በአንድ መስኮት ይለቅ። ቀዝቃዛ ዕቃ በሰዓታት ውስጥ ይውጣ። ይህን ለማስተባበር ከጤና ሚኒስቴርና ከሚመለከታቸው ሁሉ ጋር መነጋገር የሚችለው መሥሪያ ቤትዎ ነው።

ላቦራቶሪን በተመለከተ፣ ስምንቱም የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉም ነገር ይኑራቸው ማለት እንደ እኔ አያዋጣም። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ላይ ጠንካራ የጋራ ላቦራቶሪ ይቋቋም፤ የየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀጠሮ ይዞ ይጠቀምበት። ከማሽኑ ይልቅ ለጥገናው፣ ለጀነሬተሩና ለቴክኒሻኑ ደመወዝ ይታሰብ። በእርዳታ መጥቶ አንድ ክፍል ተበላሽቶበት አቧራ የሚጠጣ ማሽን በየግቢው ሞልቷል።

ናሙና ውጭ አገር መላክ ግድ ሲሆን ደግሞ ተማሪውም አብሮ ይሂድ። በናሙና ማስተላለፊያው ስምምነት ላይ ይጻፍ፦ ናሙናውን የሰበሰበው ተማሪ ትንተናውን ራሱ ይሠራል፣ ቴክኒኩን ተምሮ ይመለሳል።

የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ርዕስ መምረጥ ሊጀምሩ ነው። የአንድ መስኮቱ አሠራር በአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ እንኳ በሙከራ ቢጀመር፣ የሚያስፈልጉትን ሪኤጀንቶች ዝርዝር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን አዘጋጅተን እናቀርባለን። በተጠራን ጊዜ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የባዮሜዲካል ሳይንስ መምህርና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አማካሪ