የፊደላት ጨዋታው ደንብ ይገለጽልን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ የመዝናኛ ዓምድ የሚወጣውን፣ ከተሰጡ ፊደላት የእንግሊዝኛ ቃላት የማውጣት ጨዋታ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የምንኖር ወላጆች ከልጆቻችን ጋር እንከታተለዋለን። ሆኖም ትእዛዙ ግልጽ አይደለም። የተሰጡትን ፊደላት ብቻ ተጠቅሞ ቃል መመሥረት አንድ ነገር ሲሆን፣ ፊደላቱን በውስጡ የያዘ ረዘም ያለ ቃል መፈለግ ሌላ ነው፤ አንድ ፊደል መደገም ይቻል እንደሆነም አልተነገረም። ለምሳሌ ኤስ፣ ቲ፣ ኦ እና ፒ ቢሰጡ በመጀመሪያው ደንብ «ስቶፕ»፣ «ፖስት» እና «ስፖት» ይገኛሉ፤ በሁለተኛው ደንብ ግን «ሆስፒታል»ም ትክክለኛ መልስ ነው። ይህ ልዩነት በየቤቱ ክርክር አስነሥቷል።

ልጆቹ መልሱን ከስልክ ከሚቀዱ ዘዴውን ቢማሩ እመርጣለሁ። ኪው ሲሰጥ አስቀድሞ ዩን መፈለግ፣ አይ፣ ኤን እና ጂ ካሉ ለቃሉ መጨረሻ ማቆየት፣ ኤችን ከኤስ፣ ከሲ ወይም ከቲ ጋር ማጣመር ብዙ ያራምዳል። ኮምፒውተሩም ቢሆን ተአምር አይሠራም፤ የእያንዳንዱን ቃል ፊደላት በኤቢሲዲ ተራ ደርድሮ ድርድራቸው ከተሰጡት ፊደላት ድርድር ጋር አንድ የሆነውን ይለቅማል እንጂ።

በአማርኛም ቢዘጋጅ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛው ፊደላት 26 ብቻ ሲሆኑ የእኛ 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ፣ እያንዳንዱም ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ አቀያይሮ ቃል ማውጣቱ እጅግ ይከብዳል። ለጊዜው ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ደንቡ ከፊደላቱ በላይ እንዲታተም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከቱሉ ዲምቱ