ራስ ዳሽን ለምትወጣው ልጄ

የኔ ልጅ፣

ከጓደኞችሽ ጋር ሰሜን ተራሮች ልትሄጂ መሆኑን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። አባትሽ ጅብና ነብር እያለ ያስፈራራኛል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከፍታው ነው።

አዲስ አበባ ማደግሽ ትንሽ ይረዳሽ ይሆናል እንጂ ዋስትና አይሆንሽም። ደባርቅ 2,800 ሜትር ግድም ነው፤ ጨነቅ ካምፕ ከ3,600 ያልፋል፤ የራስ ዳሽን ጫፍ 4,550 ሜትር ነው። ከ3,000 በላይ ስትደርሱ ማደሪያችሁን በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አታድርጉ። ቀን ወጥታችሁ ማታ ዝቅ ብላችሁ ብትተኙ ግን ጥሩ ነው።

ራስሽን ካመመሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ካቅለሸለሸሽ «ምሳው ነው» አትበይ፤ የከፍታ ሕመም ሊሆን ይችላል። እዚያው እረፊ። እስኪሻልሽ ወደ ላይ መቀጠል የለም። ፓራሲታሞል ራስ ምታቱን ቢያስታግስም ሕመሙን አያቆመውም።

ከመካከላችሁ አንዱ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ እንዳትስቁ። መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሪና የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገጣጠመ ይራመድ። ካቃተው አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ይችላል። አርፎ ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ሳንባው ውሃ እየቋጠረ ይሆናል። ሁለቱም እስኪነጋ አይጠብቁም። ሌሊትም ይሁን ዝናብ፣ በበቅሎ ይውረድ፤ ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር። ብቻውን ደግሞ እንዳትልኩት።

የኛ ሰው ችግሩ ይሉኝታ ነው። «ለኔ ብላችሁ ጉዟችሁን አታበላሹ» የሚል አይጠፋም። አንቺም ከነሱ አንዷ ነሽ፤ ትኩሳት ይዞሽ እንኳ «ደህና ነኝ» ስትዪ ነው ያደግሽው። ስለዚህ አንድ ሰው ቢታመም ማን አብሮት እንደሚወርድ ከደባርቅ ሳትነሱ ተስማሙ። መንገድ መሪውና አብሯችሁ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ (ስካውቱ)ም ይስሙት።

ብርዱን በጋቢ እወጣዋለሁ ብለሽ ከሆነ ተዪው። ጥጥ ከራሰ ሙቀት አይዝም። ጋቢሽን ለድንኳን አስቀምጪው፤ ለመንገድ ሱፍና የዝናብ ልብስ ያዢ። በብርድ ሲንቀጠቀጥ የቆየ ሰው መንቀጥቀጡን ትቶ ከፈዘዘ ተሻለው እንዳትዪ፣ ብሶበታል። እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ ከታች ፍራሽ አንጥፉለት። «አረቄ ያሞቀዋል» የሚል ከመጣ አመስግነሽ መልሺለት። አረቄ ቆዳን ሞቅ ያደርጋል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያባክናል።

ተራራው ላይ ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም። የምትመለሱበትን ቀን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የመንገድ መሪውንም ስልክ ጨምሪበት። የሱፍ ካልሲዎቹን ነገ በወንድምሽ እልካለሁ። በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢያቸው።

እናትሽ