ስፒከር ከመስቀላችን በፊት

ሰላም የድምፅ ቡድን አባላት፣

የበዓል ኮንሰርቶች ሊጀምሩ ስለሆነ አንድ ነገር ልበላችሁ። ባለፈው ሥራ የስፒከሩ ረድፍ ወደ ላይ ወጥቶ ተሰቅሏል፣ መጠባበቂያ ካቦው (ዋናው ቢበጠስ የሚይዘው የብረት ገመድ) ግን መሬት ላይ ተጠቅልሎ ቁጭ ብሏል። «ረሳነው» ተባለ። እኔም ይህን ያየሁት ታዳሚው ከገባ በኋላ ነው፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሸውደን የካቦው አንግል ነው። 500 ኪሎ በሁለት ካቦ ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል እያንዳንዱ 250 ኪሎ ይይዛል። ካቦዎቹ ተከፍተው ከአግድም 30 ዲግሪ ላይ ሲደርሱ ግን እያንዳንዱ 500 ኪሎ ይሸከማል። ስፒከሩ እኮ ያው ነው! ስለዚህ ካቦ ካጠረ አትለጥጡት፣ ረጅም አምጡ። የመሸከም አቅሙ ያልተጻፈበት ሻክል (ካቦ የሚያያዝበት የብረት ማያያዣ) ወይም ከሰፈር ሱቅ የመጣ ቡሎን አይሰቀልም።

ንፋስንም አትናቁ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ የመድረክ ጣሪያ በንፋስ ወድቆ 7 ሰዎች ሞተዋል። ትርኢቱን የማቋረጥ ሥልጣን የማን እንደሆነ እዚያ ግልጽ አልነበረም። እኛ ጋ ግን ትናንት የተቀጠረ ልጅም ቢሆን «አቁሙ» ካለ ሥራው ይቆማል። አዘጋጁ ቢጮህ እኔ ላይ ይጩህ።

ዕቃ ሲነሳ ከስር ማንም አይቁም፣ ለፎቶም ቢሆን። የሰቀለው ሰው ራሱ ይፈርማል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ያያል።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት መጋዘን እንገናኝ። ያሉንን ሻክሎች አንድ በአንድ እናያለን፤ የተጣመመውን እዚያው እንጥላለን።