ደብዳቤ ለልጄ፦ አንድ ጠመንጃ ብቻ የሚያዝ ከሆነ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ሲያትልም እንደ ልማዱ እየዘነበ ነው። ባለፈው እሑድ ስንደዋወል፣ «አባዬ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ከዚህ ከአላስካው ፌርባንክስ ከተማ ርቀው ሲጓዙ ለክፉ ቀን ጠመንጃ ይይዛሉ፤ እኔ አንድ ብቻ ልግዛ ብል የትኛውን ትመርጥልኛለህ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ቶሎ ያልመለስኩልሽ፣ ጥያቄው በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ቆይቼ ይኸው ጻፍኩልሽ።

በመጀመሪያ ክፉ ቀን የምትይው ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ እንነጋገር። ለሥራ የምትመላለሺበት የዳልተን መንገድ 666 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ከኮልድፉት እስከ ዴድሆርስ ያለው 386 ኪሎ ሜትር ነዳጅ የማይገኝበት ባዶ ምድር ነው። መኪናሽ በዚያ መካከል ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ቢቆም ቀድሞ የሚመጣብሽ ብርዱ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም በጥይት አይመልሰውም። የአላስካ ሕግ አውሮፕላን አብራሪዎች ሊይዙት ይገባል ብሎ የዘረዘረውን ዕቃ ተመልከቺ፦ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሳምንት ስንቅ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ፣ የዓሣ መንጠቆና ገመድ፣ እሳት መለኮሻ፣ የትንኝ መከላከያ የራስ መረብ፣ ለክረምት ደግሞ የበረዶ ጫማና የመኝታ ከረጢት። ድሮ ጠመንጃም በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ፤ በኋላ ግን ከግዴታነት ወጣ፣ መጥረቢያውና መንጠቆው ቀሩ። ስለዚህ ገንዘብሽ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ የመኝታ ከረጢቱን ግዢ፤ የምጽፍልሽ እሱ ከተገዛ በኋላ ስለሚመጣው ነው።

ጠመንጃው ሁለት ሥራ ይጠበቅበታል፤ ቀኑ ከረዘመ ሥጋ ማምጣት፣ በበጋ ደግሞ ድብ ከመጣ ነፍስሽን ማትረፍ። ለሥጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ «ትዌንቲቱ» የሚሏትን ትንሿን ጠመንጃ እመርጥልሽ ነበር። ትናንት እናትሽ ዱቄት በምትለካበት ሚዛን ላይ 50 የትዌንቲቱ ጥይት ባስቀምጥ 170 ግራም ግድም መዘነልኝ፤ ባንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን እርሳስ የሚበትነው የሾትገን ጥይት ግን 25ቱ ብቻ ከአንድ ኪሎ አለፈ። ትዌንቲቱ ድምፁ አይበረታም፣ ትከሻ አይመታም፣ ከእኛ ቆቅ የሚቀራረበውን ወፍና የበረዶ ጥንቸሉን ለመጣል ከበቂም በላይ ነው። ጥንቸል እኛ ዘንድ እንደማይበላ አልዘነጋሁም፤ ነፍስ በምትጨነቅበት ሰዓት ግን እግዚአብሔር ያውቃልና ብዪ። የጥንቸል ሥጋ ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሰው እሱን ብቻ እየበላ ከሰነበተ ሆዱ ሞልቶ ሰውነቱ ይደክማል። በመኪናሽ ቅቤ ወይም ሌላ ስብ ያለው ስንቅ አይጥፋ።

ይሁን እንጂ ትንሿ ጥይት ድብ አታቆምም፤ ቁስለኛ ድብ ደግሞ ካልተነካው የከፋ ነው። የአላስካ የዓሣና የአደን መሥሪያ ቤት ለድብ የሚበቃ መሣሪያ ብሎ የሚጠቅሰው 300 ማግነም የተባለውን ኃይለኛ ጠመንጃ ወይም ድፍን እርሳስ የጎረሰ 12 ጌጅ ሾትገንን ነው (ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል)፤ ከባድ ሽጉጥ እንኳ በተለይ ባልሠለጠነ እጅ ላይበቃ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የድብ መከላከያውን የበርበሬ ርጭት ግን አትናቂው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአላስካ የተደረገ ጥናት ከቡናማ ድቦች ጋር በተደረጉ ግጥሚያዎች 92 በመቶው ላይ እንደሠራ አሳይቷል። ርጭቱ ከወገብሽ አይለይ።

ሁለቱን ሥራ በአንድ መሣሪያ ለማሟላት መንግሥታትም ተጨንቀውበታል። በማርች 1965 ሌኦኖቭና ቤልያዬቭ የተባሉት የሶቪየት ጠፈርተኞች ካሰቡት ቦታ ርቀው በሩሲያ፣ በፐርም ጫካ በረዶ ውስጥ ወረዱና ተኩላና ድብ በሚኖርበት ደን ውስጥ አደሩ። በኋላ ለጠፈርተኞች ሦስት አፈሙዝ ያለው መሣሪያ ተሠራ፤ ሁለቱ አፈሙዞች እንደ ሾትገን፣ ሦስተኛው እንደ ጠመንጃ የሚተኩሱ፣ ሰደፉም ተነቅሎ መቁረጫ የሚሆን። ሾትገን ግን ያን ሁሉ አፈሙዝ ሳይፈልግ የሚቀራረብ ሥራ ይሠራል፤ የሚለወጠው የምታጎርሺው ብቻ ነው። ጥቃቅኑን እርሳስ ብታጎርሺ ወፍ ይጥላል፣ ድፍኑን ብታጎርሺ በቅርብ ርቀት ድብ ያቆማል። ስለዚህ ምርጫዬ በእጅ እየተሳበ የሚያጎርስ ተራ ፓምፕ ሾትገን ነው። ከዚህ ዓይነት ሬሚንግተን 870 የሚባለውም ሞስበርግ 500 የሚባለውም ለረጅም ዘመን የተፈተኑ ናቸው። እኔ ለአንቺ ሞስበርጉን እመርጣለሁ፤ ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚያግደው ማቀቢያው ከላይ በአውራ ጣት ሥር ስለሆነ በወፍራም ጓንትም ይገኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ማሽላ ስጠብቅ ዝንጀሮ ሲመጣ አያትሽ ምንሽሩን ሰጠኝ። ሰደፉ ለክንዴ ረዝሞብኝ ትከሻዬ ላይ አልቀመጥ ሲለኝ በብብቴ ሥር ሸጉጬ ምላጩን ሳብኩ። ዝንጀሮዎቹ አልተነኩም፤ እኔ ግን ጉንጬ ተሰንጥቆ፣ ጆሮዬ ለሁለት ቀን ሲጮህብኝ ሰነበተ። ከዚያ ወዲያ ጠመንጃ ባነሣሁ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ መተኮስ ጀመርኩ፤ ያ ልማድ እስኪለቀኝም ዓመታት ፈጀብኝ። በአንቺ ላይ ይህ እንዲደርስ አልፈልግም። ባለ 12 ጌጁ ድፍን ጥይት ትከሻን አጥብቆ ይመታል፤ ሞክረሽው ከከበደሽ ሳታፍሪ ወደ 20 ጌጅ ውረጂ። ለድብ ያንሳል፣ ነገር ግን ሳትፈሪው ደጋግመሽ የተለማመድሽበት 20፣ ተኩሶ ከሚያስፈራሽ 12 ይሻልሻል።

ብርዱ መሣሪያውንም ይጎዳል። ወፍራም ዘይት በዚያ ቅዝቃዜ ይረጋና ጥይቱ እንዲከሽፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ለክረምት ወልውለሽ ዘይቱን በደንብ ጥረጊው። ከውጭ ወደ ሞቀ ቤት ስታስገቢው ላብ ያወጣል፣ ያ ላብ ተመልሶ ሲወጣ በረዶ ይሆናል፤ አስገብተሽው ከሆነ ሳይደርቅ አታውጪው።

ይህን የምለው ደግሞ ከባድ ሆኖብኝ ነው። ፌርባንክስ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትታየው ከአራት ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። ጨለማው ረዝሞ ልብሽ የከበደ ቀን ቢመጣ፣ ምንም ሳትነግሪኝ እንኳ የቁልፍ ሳጥኑን መክፈቻ ለምታምኛት ባልደረባሽ ስጫት፤ ከዚያም በማንኛውም ሰዓት ደውዪልኝ። ቤት ውስጥ መሣሪያው መቼም ጎርሶ አይደር፤ ጥይቱም በሌላ ቦታ ይቆለፍ።

መግዛቱን እዚያው ፌርባንክስ ብታደርጊው ይሻላል። ከዚህ ከሲያትል በመኪና ብትወስጂው በካናዳ በኩል ማለፍ ስላለበት የሚከፈልበት የመሣሪያ ማሳወቂያ ቅጽና የድንበር ጥያቄ አለው። ከመግዛትሽ በፊት ግን ክንድሽን አጥፈሽ፣ ከክርንሽ መታጠፊያ እስከ አመልካች ጣትሽ የመጀመሪያ አንጓ ያለውን በሜትር ለክተሽ ላኪልኝ። የተለመደው ሰደፍ 35 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ያንቺ ካነሰ አጭሩን ሰደፍ እንዲያዙልሽ የምትጠይቂውን እጽፍልሻለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ