አንድ ቀልድ ያበረደው ጠብ

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ከጎንደር ነው የምጽፈው። ባለፈው ቅዳሜ ከፒያሳ አዘዞ ስንሄድ ታክሲው ውስጥ ረዳቱና አንድ ጎረምሳ በመልስ ተጣሉ፣ አምስት ብር ናት እኮ፣ ግን ነገሩ ከፍ እያለ ሄዶ ልጁ ተነስቶ የረዳቱን ኮሌታ ያዘ፣ ሁላችንም ዝም። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን እንዳቀፉ «ኧረ ልጆቼ፣ ሹፌሩ ሞተሩን ያጥፋውና በናንተ ጉልበት እንግባ፣ ነዳጁ እንደሆነ የለም» አሉ። መጀመሪያ የሳቀው ረዳቱ ነው፣ ከዛ ልጁም እጁ ላላ፣ አዘዞ ስንደርስ የእማማን ዘንቢል ያወረደው እሱ ነው።

እኔ ይሄን ሳይ ገረመኝ፣ ምክንያቱም ሽማግሌ ቢገላግላቸው አንዱ ተሸነፍኩ ይል ነበር፣ ሲስቁ ግን ማንም አልተሸነፈም። ሀገራችን እኮ የአለቃ ገብረሃና ሀገር ነው፣ ፎገራ ተወልደው ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ያስተማሩት ሊቅ፣ በቅኔያቸውም በአቋቋም ዝማሬያቸውም ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሕዝቡ ግን እስካሁን የሚያነሳቸው በቀልዳቸው ነው። እርቅ ላይም ነገር ሲከር አንድ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ጣል የሚያደርጋት ነገር አለች፣ ቡናው እንደገና ይቀዳል፣ ወሬው ይቀጥላል።

ብቻ ሰውን በዘሩ ወይ በመልኩ እየነኩ «ቀልድ ነው» ማለትን አልደግፍም፣ እሱ ስድብ ነው፣ ፌስቡክ ላይ የሞላውም እሱ ነው። እማማ ማንንም አልነኩም፣ የነኩት የሁላችንንም ችግር ነው።

እባካችሁ እንዲህ ጠብ ያበረዱ ጨዋታዎችን የምታወጡበት ትንሽ አምድ ክፈቱ፣ ከዚህ ሰፈር የሰማሁትን እየጻፍኩ እልካለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር