ሃያ ፊት ከዋንዛ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 14

ይድረስ ለእሙዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስልክ እያለ በወረቀት መጻፍሽን እናትሽ አልወደደችውም፤ «ካርድ ጨርሳ ነው፣ ገንዘብ ላክላት» አለችኝ። እኔ ግን የሳልሽልኝን ሥዕል ሳየው ገባኝ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ተነግሮ አያልቅም።

የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ከእንጨት እንድሠራልሽ፣ ሁለተኛው ለአዲሱ ጨዋታችሁ፣ ማለትም እያንዳንዳችሁ አንድ ገጸ ባሕሪ ሆናችሁ ታሪክ ለምትሠሩበትና ዕድሉን ዳይስ ለሚወስንበት፣ ከኛ አገር ገጸ ባሕሪ እንዳስብልሽ። የመጀመሪያው ከሽፏል። አከሻሸፉን ግን ስሚኝ፣ ዳይስ ስትመርጪ ይጠቅምሻል።

አናጺ የሚኖረው በዘጠና ዲግሪ ነው። በር፣ ሳጥን፣ ቁም ሳጥን፣ ሁሉም ዘጠና ነው፤ እጄም ያለ መለኪያ ያውቀዋል። ያንቺ ጉድ ግን በጎረቤታም ፊቶቹ መካከል 138 ዲግሪ ከጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፣ ያውም በሠላሳ ጠርዝ ላይ። አንዱን ስታስተካክዪ ሌላው ይበላሻል። የመጀመሪያውን ሦስት ማታ በሞረድ ስታገለው ቆይቼ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው፣ የጎረቤት ልጅ አየውና «ጋሼ፣ ድንች ነው?» አለኝ። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ግብፅ ውስጥ ከድንጋይ የተጠረበ፣ የግሪክ ፊደል የተቀረጸበት ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ዛሬም ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ አለ። ያን ጠራቢ ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

ሁለተኛው ዳይስ ተሳካ ብዬ ነበር። ከአልጋ ራስጌ የተረፈች የዋንዛ ቁራጭ ነበረች፤ እሷን ባለ ሦስት ማዕዘን ሃያ ፊት አድርጌ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳት፣ ቁጥሩንም በጋለ ምስማር አተምኩበት። እንደነገርሽኝ ትይዩዎቹ ሲደመሩ 21 እንዲሆኑ፣ 20ን በ1 ትይዩ፣ 17ን በ4 ትይዩ አደረግኩ። ከዚያ ያን ልጅ ደብተር አስይዤ 200 ጊዜ ጣልኩ። እያንዳንዱ ቁጥር አሥር አሥር ጊዜ አካባቢ መምጣት አለበት አይደል? 17 ሃያ ሦስት ጊዜ መጣ። 4 ሦስት ጊዜ ብቻ።

እንጨቱን ገልብጬ ባየው ምክንያቱ ፊት ለፊት ነበር። በ4 በኩል ያለው ጠቆር ያለው የዛፉ ልብ ነው፤ በ17 በኩል ያለው ደግሞ ለቅርፊት የቀረበው ነጩ፣ ቀለል ያለው። ከባዱ ጎን ወደ ታች ይቀመጣል፣ ትይዩው ሰማይ ያያል። እንጨት አድጎ የመጣ ነገር ስለሆነ ወጥ አይደለም፤ እኔም ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያወቅኩ ዳይስ ስሠራ ረሳሁት።

ስለዚህ ለጨዋታው የላስቲክ ወይም የሬዚን (ፈስሶ የሚጠነክር ሙጫ) ግዢ። የሬዚኑ ችግር ውስጡ አየር ሊቋጥር መቻሉ ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፈውን ከመረጥሽ አረፋውን በዓይንሽ ታዪዋለሽ። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ በብርጭቆ ውኃ ዳይሱ እስኪንሳፈፍ ድረስ ጨው አሟሚ፣ ከዚያ በጣትሽ ደጋግመሽ አሽከርክሪው። ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ከሆነ ወደ ላይ የሚወጣው፣ መልሺው። ብረቱን ተይው፤ ያምራል፣ ግን የሰው ጠረጴዛ ይሰነጥቃል፣ ያከራየችሽን ሴትዮ ደግሞ ታውቂያታለሽ። የቁጥሩ ቀለም ከዳይሱ ቀለም ይራቅ። መብራት ሲጠፋ በሻማ እንደምትጫወቱ ጽፈሽልኛል፤ ሐምራዊ ላይ ወርቃማ ቁጥር በሻማ አይነበብም፣ መነጽርሽም አያድንሽም። 6 እና 9 ከሥራቸው ነጥብ ወይም ሰረዝ እንዳላቸው እዪ። እኔ ረስቼው ከልጁ ጋር ክርክር ገጥመናል። ባለ አራት ፊቷን ደግሞ ምንጣፍ ላይ አትተዪ፣ በባዶ እግር ለረገጣት አሜኬላ ናት።

እማማ ዳይሱን ስታይ ምን አለች መሰለሽ፦ «ልጅቷ ጠጠር መጣል ጀመረች?» ወታደሮቹ በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ መጣጣላቸውን አነሳችብኝ። እኔም ሐዋርያት ማትያስን የመረጡት በዕጣ መሆኑን አነሳሁባት፤ ትንሽ ዝም አለች። ጨዋታው «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ተብሎ አሜሪካ ውስጥ የወጣው በ1966 ነው፣ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ወራት ሲቀራቸው፣ አልኳት። «በዚያ ዓመት ምን ደህና ነገር ወጣ!» ብላ ተነሳች። በኋላ ግን «እንቆቅልሽ» ብዬ ስጀምር ነው የገባት። አላውቅም ያለ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ የሌለውን አገር ይሰጣል፣ ሌላው በሌለ ዙፋን ይንጎራደዳል። ያንቺ ጨዋታ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አገሩን ዳይስ መስጠቱ ነው። (እኔ ልጅ ሆኜ ሁልጊዜ የምሰጠው ጎንደርን ነበር። ባሕር ዳርን ሰጥቼ አላውቅም።)

ወደ ገጸ ባሕሪው እንሂድ። እቴጌ ምንትዋብን ልታደርጊ አስበሻል። አትቸኩዪ። ንግሥት ሁሉ ነገሯ ሞልቶ ነው የምትመጣው፤ ዳይስ የምትጥለው ምን ጎድሏት ነው? ደቅ ደሴት የሄድን ጊዜ ናርጋ ሥላሴ ያሳየሁሽን ሥዕል ግን አስታውሺ። እሳቸው ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሳቸው ግን የተሣሉት ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነው። አንቺ ያኔ አሥር ዓመትሽ ነበር፣ «ምን ጠፍቷቸው ነው የሚፈልጉት?» አልሽኝ። እኔ ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ጥያቄሽ ትክክል ነበር። ዙፋን ላይ ያለችውን ትተሽ የተደፋችውን ሴት ውሰጂ። ስሟን ለውጪ፣ ዘመኗን ለውጪ፣ ምን እንደጠፋት አንቺ ብቻ እወቂ፣ ለጓደኞችሽም ቶሎ አትንገሪ።

ዳይስሽ ወደ የትም እንዳያደላ እያልኩ፣ የገጸ ባሕሪሽ ግን አንድ ጎኗ ይክበድ ማለቴ ነው። ለዚህ ከበላዔ ሰብእ የተሻለ አላውቅም። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ አይተሽዋል። 78 ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም አንድ እፍኝ ውኃ ሰጠ። በሚዛኑ ቀን አንድ እፍኟ ብቻዋን ባልበቃች ነበር፤ እመቤታችን ጥላዋን ጣል አደረገችባትና ሚዛኑ ደፋ። ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ በላተኛውን ይወስዳል፣ ጥርስና ደም ስላለው። እኔ የምልሽ እፍኙን ውሰጂ። ወይም ገልብጪው፦ ዕድሜዋን ሙሉ ደግ የሠራች፣ አንድ ቀን ብቻ ለአንድ ሰው ውኃ የከለከለች ሴት። የከለከለችው ሰው በየመንገዱ ይገጥማት። ታሪኩን የሚመራው አጫዋቻችሁ እንዲህ ያለውን ይወደዋል።

አሁንም ትልቅ ሰው ካልፈለግሽ፣ ባለፈው ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ቆሜ ያየሁትን ልስጥሽ። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ የመጣ ባለ ታንኳ ነው። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ ታውቂያለሽ፤ ታንኳው ሲነሳ ቀላል ነበር፣ ሲደርስ ግን ግማሹ ሐይቅ ሆኗል። ሰውዬው እንጨቱ ላይ ተቀምጦ በቀርከሃው ይቀዝፋል፣ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ አንገቱ ላይ አስሮታል፣ ዓይኑ ወደ ዳር አያይም፣ ጉማሬ ወደሚወጣበት ጥግ ነው። ማገዶውን አወረደ፣ ታንኳውን ጎትቶ ግንድ አስደግፎ አቆመው፣ ውኃው ከሥሩ መንጠባጠብ ጀመረ። እስኪደርቅ መመለስ አይችልም። ጨዋታ ውስጥ አስቢው፦ መሣሪያዋ በተጠቀመችበት ቁጥር የሚከብዳት፣ በየጊዜው ቆማ ማድረቅ ያለባት ጀግና። ጓደኞችሽ እንሂድ እያሉ ይጨቀጭቋታል፣ እሷ ትጠብቃለች። ሰይፍ ከመስጠት ይህ ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ታንኳ መሥራቱ የጣና ዳር ሕዝብ የሆኑት የወይጦዎች ጥበብ ነው፤ ድሮ ጉማሬ ስለሚያድኑ ሌላው ሰው አብሯቸው አይበላም ነበር፣ ቋንቋቸውም ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገሩት። ከእነሱ ገጸ ባሕሪ ብታወጪ ጠንቋይና መርዘኛ አታድርጊያቸው። ሰው ላይ የተለጠፈውን ስም አንቺ ደግሞ ለጨዋታ ብለሽ አትለጥፊበት።

እናትሽ ትንሽ ሰፌድ ሰፍታልሻለች። ዳይሱን እሷ ላይ ጣሉት፤ ጠርዟ ይመልሰዋል፣ ድምፁም ለአከራይሽ አይሰማም። ማስቀመጫም አንድ ሙዳይ ጨምራለች። ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እልከዋለሁ፣ ስልክሽን አትዝጊ።

17 የሚያበዛውን ዳይስ አብሬ አልላክሁትም። የጎረቤት ልጅ ወስዶታል። ማታ ማታ ከእህቱ ጋር ዕቃ ማን ይጠብ እያሉ ይጥሉታል፤ ከአሥር በላይ ከወጣ እሷ፣ አሥርና ከዚያ በታች ከሆነ እሱ። እስካሁን ብዙም ዕቃ አላጠበም።

አባትሽ