«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት ስክሪኑ ይነበብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ተገልጋይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሲመለስ ጣት የሚቀሰረው መስመሩ ላይ ነው። መስመሩ ደህና ሆኖ ብራውዘሩና የመሥሪያ ቤቱ ፕሮክሲ ሰርቨር (በሠራተኞች ኮምፒውተሮችና በኢንተርኔት መካከል ቆሞ የሚያስተላልፈው) ሳይገናኙ የሚቀሩበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም። የቱ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ይናገራል። የሚያሳዝነው ጽሑፉን ሳያነቡ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት መለመዱ ነው።

በሰፊው የሚሠራበትን የፕሮክሲ ፕሮግራም፣ ስኩዊድን፣ እንውሰድ። ክሮም «ፕሮክሲ ኮኔክሽን ፌይልድ» (ከፕሮክሲው ጋር መገናኘት አልተቻለም) ካለ ብራውዘሩ ገና ፕሮክሲው ጋ አልደረሰም። መልሱ ወዲያው ከመጣ፣ ስኩዊድ ቆሟል ወይም ብራውዘሩ ላይ በተለመደው የስኩዊድ ፖርት (የመግቢያ ቁጥር) በ3128 ፈንታ ሌላ ተሞልቷል። ብዙ ቆይቶ «ታይም አውት» (ጊዜው አለቀ) ካለ ደግሞ ፋየርዎሉ (ግንኙነት የሚያግደው የኔትወርክ አጥር) እና የፕሮክሲው አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ ያለው መለያ ቁጥር) ይታዩ።

የስኩዊድ የራሱ የስህተት ገጽ ከመጣ ግን ግንኙነቱ አለ፤ ቀጥሎ የሚከፈተው አክሰስ ሎግ፣ ማለትም ስኩዊድ የተቀበላቸውን ጥያቄዎች የሚመዘግብበት ፋይል፣ ነው። እዚያ የተመዘገበው የመልስ ቁጥር 407 ከሆነ የይለፍ ቃል ጉዳይ ነው። 503 ሲሆን ከፕሮክሲው ወዲያ ያለው፣ በተለይ የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስ፣ ይፈተሽ። 403 ከ«ዲናይድ» (ተከልክሏል) ጋር ከመጣ የከለከለው የራሳችሁ ደንብ ነው። ስኩዊድ የፈቃድ ደንቦችን ከላይ ወደ ታች እያነበበ መጀመሪያ በገጠመው ላይ ይቆማል። ለአዲሱ ቅርንጫፍ የአይፒ ክልል የተጨመረው ፈቃድ ሁሉንም ከሚከለክለው መስመር በታች ከገባ፣ እንዳልተጻፈ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የዲስክ መሙላት ነው። ሎግ የሚጻፍበት ቦታ ሲያልቅ ስኩዊድ ራሱ ይቆማል። ቢያስነሱትም ተመልሶ ይወድቃል፤ አጥፍቶ ማብራት እዚህ ላይ ፋይዳ የለውም። ለካሽ (ስኩዊድ የተከፈቱ ገጾችን ቅጂ ለሚያስቀምጥበት) ዲስኩን በሙሉ አትስጡ፣ 20 በመቶው ይተረፍ። ሎጉም በየዕለቱ ይዞር፤ ማለትም አሮጌው ተዘግቶ አዲስ ፋይል ይጀመር።

ሠራተኞች የስህተቱን ገጽ ፎቶ አንሥተው ከነሰዓቱ ለአይቲ ክፍል ይላኩ። የስኩዊድ የሎግ ቅንብር ካልተቀየረ በቀር ሰዓት የሚመዘግበው ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚቆጠር ሰከንድ ነው። ይህ ሰከንድ ወደ ሰዓት ሲለወጥ የሚወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር «ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለው ወደ 9፡00 ካልተመለሰ፣ ባለሙያው ሎጉ ውስጥ የሚፈልገው ስድስት ሰዓት የራቀ መስመር ይሆናል።

የኔትወርክ ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ